ወይዘሪት ወንበር

ለማከብርህም ለምናደድብህም ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክልኝ? ሆድህ ምግብ መቀበል ጀመረ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? እጅህ መንቀጥቀጡን ተወ ወይስ አሁንም ሻይ ስትጠጣ ግማሹን ለሸሚዝህ ታካፍላለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ደረጃ ስታይ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ባጃጄ ደህና ናት፣ የኋላ ጎማዋ ብቻ ራሰ በራ ሆኗል። እኔም ደህና ነኝ፣ ቅናት ብቻ ሊደፋኝ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ይህንን ደብዳቤ ካንተ ቀድማ ለምታነበው የማገገሚያ ግቢያችሁ ነርስ ሰላምታዬ ይድረሳት። እህቴ፣ ፖስታው ውስጥ ከወረቀት ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱን አሽትተሽው ከሆነ የሸተተሽ ቤንዚን ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ባለፈው የላክሁለትን ካልሲም ገልብጠሽ እንደፈተሽሽው ሰምቻለሁ። ቀዳዳው ቀድሞም የነበረ ነው፤ አንቺን አልጠረጥርም።

ወንድምዬ፣ ሳቅህ? ካልሳቅህ ከላይ ጀምረህ እንደገና አንብበው፤ የደከምኩበት ነው።

አሁን ወደ በደሌ ልግባ። እናታችንን ተነጠቅን። «ተነጠቅን» ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ የተነጠቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ አትቀየመኝ፤ አንተን እዚያ ግቢ አድርሰን የተመለስን ዕለት፣ እማዬ በመስኮት በኩል እያየች እንባዋን ስትጠርግ፣ እኔ በሆዴ «አሁን እንኳ የኔ ብቻ ልትሆን ነው» ብዬ ነበር። አንተ እቤት እያለህ እኮ የእማዬ ዓይን በር ላይ ነበር። መጣ ወይስ አልመጣም፣ ሲመጣ ምን ሆኖ መጣ፣ ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቀልድ ስነግራት በሩን እያየች ትስቅ ነበር፤ ያውም የሚያስቀው ቦታ ገና ሳልደርስ። እና አሁን ተራዬ ነው አልኩ። ማታ ማታ ካርታ መጫወት ጀመርን። እኔ አጭበረብራለሁ፣ እሷ ትይዘኛለች፣ ትራስ ትወረውርብኛለች። እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

ከዚያ ወይዘሪት ወንበር መጣች።

ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሥራዋ መቀመጥ ነውና። እማዬ ከምታስተምርበት ክፍል ኋላ፣ አንደኛ ክፍሎች በሚቀመጡባት ሚጢጢ ወንበር ላይ ጉልበቷን አገጯ ጋ አድርሳ ትቀመጣለች። ታያለች፣ ታዳምጣለች፣ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላታል! እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማን ከፈለኝ? ጭራሽ ስምንተኛን አስደገሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ተማሪዎቿን በቡድን በቡድን ከፍላ የምታጫውታቸው ጨዋታ አለ። ሕጎቹ በትልቁ ተጽፈው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ዝም ብለን እንሠራለን፣ እንከባበራለን፣ ያለ ፈቃድ ከቦታችን አንነሳም፣ የታዘዝነውን እንፈጽማለን። እማዬ «ጨዋታው ተጀመረ» ትልና የጠረጴዛ ሰዓቷን ትሞላለች። ከዚያ በኋላ የምታየው ጨዋታ የለም። ልጆቹ እንደማንኛውም ቀን ሂሳባቸውን ይሠራሉ። አንዱ ተነስቶ የጓደኛውን ጆሮ ሲጎትት እማዬ አትጮህም፣ አታፈጥም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ ትናገርና ለቡድኑ ሰሌዳ ላይ አንድ ጭረት ታሰምራለች። ሰዓቱ ሲደውል ጭረቱ ከአራት ያልበለጠ ቡድን ሁሉ አሸነፈ ማለት ነው። ሽልማቱን ከረሜላ እንዳይመስልህ። ለአንድ ደቂቃ እንደ ዝንጀሮ መዝለል፣ ወይም ጠረጴዛ መደለቅ ነው። እኔ እንደ ዝንጀሮ ዘልዬ ስንቴ ተገርፌያለሁ፣ እነሱ ይሸለሙበታል! ፍትሕ የታለ?

የቡድኑን ስም የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። መርከብ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ባቡር አለ። ቲቸራቸውን ጠዋት ጠዋት የማመጣት እኔ ስለሆንኩ አራተኛው ቡድን «ባጃጅ» ተባለ። ሰው ሁሉ ፊት ተንጎራደድኩ። ሁልጊዜ የሚሸነፈው ባጃጅ መሆኑን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ያውም እየሳቀች።

ወይዘሪት ወንበር ታዲያ በየሳምንቱ ትመጣለች። ትምህርት ሲያልቅ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ከዚያ መንገዳችን አንድ ስለሆነ ሁለቱም የኔው ባጃጅ ላይ ይወጣሉ። እኔ እነዳለሁ፣ እነሱ ከኋላ እንደ እናትና ልጅ ገጥመው ያወራሉ። ዛሬ እንዴት አየሽኝ ልጄ ትላታለች እማዬ። ልጄ! እኔን እኮ «አንተ ሰይጣን» ነው የምትለኝ። ያቺ ደግሞ መልስ አትሰጥም፤ እርስዎስ ምን አዩ እትዬ ብላ መልሳ ትጠይቃታለች። ይኼኔ እማዬ ትበራለች። ያ ጠረጴዛ ሥር የሚደበቀው ልጅ ዛሬ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠ፣ እኔም አየሁትና አመሰገንኩት፣ አየሽኝ አይደል ሳመሰግነው? አየሁ እትዬ፣ ስሙን ጠርተው ነው ያመሰገኑት ትላታለች። በመስታወቱ ሳያቸው የእማዬ ፊት እንደ ሕፃን ፊት ይበራል። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልበራም።

ቤት ስንገባም ነገሩ አይለቀኝም። እማዬ ካርቶን ትቆርጣለች፣ የባቡር ሥዕል ትቀባለች፣ ያቺን በስልክ ትጠይቃታለች። ካርታ ስላት ቆይ ትለኛለች። ያ «ቆይ» ማለቂያ አልነበረውም።

አንድ ቀን እማዬ ስብሰባ ነበረባትና ያቺን ብቻዋን አሳፈርኳት። ነገር ፈለግኋት። ለመሆኑ አንቺ የምትሠሪው ምንድን ነው፣ ወንበር ማሞቅ ነው እንዴ አልኳት። አልተቆጣችም። የኔ ተማሪ እናትህ ናቸው አለችኝ። አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር እሳት ነው፣ ከዚያ ፈተና ይመጣል፣ ድካም ይመጣል፣ ባልደረባ ያሾፋል፣ ሰው ሳያየው ቀስ ብሎ ይተወዋል። የኔ ሥራ እንዳይተወው ነው አለች። ቢተወውስ፣ ልጆቹ ከመጫወት በቀር ምን ይቀርባቸዋል አልኩ። በዚህ ዕድሜያቸው ራሳቸውን መግዛትና ከጓደኛ ጋር መቆም የለመዱ ልጆች፣ ጎረምሳ ሲሆኑ መንገድ ዳር አንዱ የሆነ ነገር ሲዘረጋላቸው እጃቸው ቶሎ አይዘረጋም፣ ተከታትለው ያዩ ሰዎች አሉ አለችኝ። ሁሉም ልጆች አልኳት። ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ ግን አለች።

ስላንተ አልነገርኳትም። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ከዚያ የተቦዳደሰውን መንገድ መርጬ አንድም ጉድጓድ ሳላስቀር ወሰድኳት። ስትወርድ ፀጉሯ በየአቅጣጫው ቆሞ ነበር። አመሰግናለሁ አለችኝ! ሰው እንዴት በዚህ ላይ ያመሰግናል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ካለች በዚያ መንገድ ሆነ። እማዬ ጉልበቴ እያለች ስትጮህ ዋናው መንገድ ተዘግቷል እላለሁ።

በመንገድ ብቻ አልተወሰንኩም። የእማዬን የጠረጴዛ ሰዓት ታውቀዋለህ፣ ሲደውል ሰፈር የሚቀሰቅሰውን። ወይዘሪት ወንበር በምትመጣበት ቀን ጠዋት ደወሉን የሚመታውን መዶሻ በማስቲካ አጣበቅሁት። ሐሳቤ ምን ነበር? ሰዓቱ አይደውልም፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ክፍሉ ይታመሳል፣ ያቺም አይታ ተስፋ ትቆርጣለች። የሆነው ሌላ ነው። እማዬ ሰዓቱን ረሳችው። ልጆቹም ረሱት። የእረፍት ደወል እስኪደወል ድረስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ ቆየ። ወይዘሪት ወንበር ብድግ ብላ እማዬን አቀፈቻት አሉ። እማዬ እየበረረች መጥታ ባጃጅ ላይ ወጣችና፣ አንተ ሰይጣን፣ ዛሬ የሆነውን ብታይ ብላ እስክንደርስ አወራችልኝ። ማስቲካውን ያገኘችው ማታ ነው። አየችኝ። አየኋት። አላኘክሁትም አልኩ። ትራስ ወረወረችብኝ፤ ለዚያች ትራስ ብዬ ደግሜ ላጣብቀው ነበር።

ቀጥሎ የምነግርህን ቀልድ ልጨምርበት ብሞክርም እጄ እምቢ አለኝ።

ከገበያው ወደታች የሚወርደውን ቁልቁለት ታስታውሳለህ። እዚያ ስደርስ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቼ በፍሪ ነው የምለቃት። ያን ቀንም እንደዚያ አደረግሁ። የባጃጅ ሞተር ሲጠፋ ዝምታው ድንገት ነው የሚመጣው። እማዬ ከኋላ በሞተሩ ጩኸት ተሸፍና ነበር የምታወራው፣ መሸፈኛዋ ሲገፈፍ ድምጿ ሜዳ ላይ ቀረ። «ያኔም የሚረዳኝ አልነበረም፤ ጨዋታውን ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን ተውኩት። ያን ዓመት እንደጀመርኩት ብጨርሰው ኖሮ ታላቁ ልጄ ምናልባት…» አለችና ዝምታውን ሰማችው። አቆመች። በመስታወቱ አላየኋትም፤ መንገዱን ነው ያየሁት። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ የጎማውን ድምፅ ብቻ እየሰማን ወረድን። ታች ደርሼ ሞተሩን ሳስነሳ ሁለቱም ያወሩ የነበረውን ትተው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

ያን ዓመት አንደኛ ክፍል በማን ክፍል እንደነበርክ ለኔ አትንገረኝ። ፎቶው እቤት አለ፤ መስኮቱ ሥር ነህ፣ ጆሮህ ከፊትህ ይበልጣል።

እኔን ያንገበገበኝን ግን ልንገርህ። ያንን ነገር እማዬ ስንት ዓመት ይዛው ኖራ የነገረችው ለባዕድ ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እንትፍ ብትልብኝ እንኳ በምታገኘኝ ቦታ ተቀምጬ እያለሁ፣ ወንበር ለምታሞቅ ልጅ ነገረቻት።

ከዚያ በኋላ ወይዘሪት ወንበር ቀረች። አንድ ሳምንት አልመጣችም። በሚቀጥለው መጣች፣ ከዚያ እንደገና ቀረች፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋች። ጉድጓዶቹ ሥራቸውን ሠሩ አልኩ! ባጃጅ ተራ ላሉት ልጆች ሻይ ጋበዝኩ። ምን ተገኘ ሲሉኝ ጠላት ሸሸ አልኳቸው። ያን ዕለት ማታ ካርታውን በውዤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እማዬን ጠበቅኋት።

መጣች። ድምፅ የላትም። ጉሮሮዋ ተዘግቷል፣ ስታወራ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። ካርታውን አየችና ዛሬስ ደክሞኛል ልጄ አለችኝ። ልጄ ያለችኝ እኔን ነው። ስመኘው የኖርኩት ቃል፣ ግን እንዲህ ደክሟት እንድትለኝ አልነበረም።

ወንድምዬ፣ እኔ ትምህርት ባይዘልቀኝም የእማዬን ጉሮሮ አውቃለሁ። ያ ጨዋታ በነበረበት ሰሞን ድምጿ ሙሉ ሆኖ ነበር የሚመለሰው፣ ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። ድምጿ ከተዘጋ ስትጮህ ውላለች ማለት ነው፤ ስትጮህ ከዋለች ጨዋታውን ትታዋለች ማለት ነው። ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ቶሎ ጨርሱ ብሏል፣ ነገ አጫውታቸዋለሁ አለች። በማግሥቱም ነገ አለች። የሕጉ ወረቀት ከግድግዳው ወድቆ ነበር፣ ቆይ እለጥፈዋለሁ አለች። ከጎን ያለው ክፍል መምህር ደግሞ፣ ያ በግድግዳው ውስጥ ድምፁ የሚያልፈው፣ ነጎድጓድ የምለው፣ እሱም አላሳረፋትም። እትዬ፣ ልጅን ቀጥ የሚያደርገው ጉሮሮ ነው፣ ይኸው እርስዎም ተመለሱ እንኳን ደህና መጡ አላት አሉ፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት። ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

በዚህ መሐል ወይዘሪት ወንበርን መንገድ ላይ አገኘኋት። ታክሲ ትጠብቃለች። አቆምኩላትና ምነው ጠፋሽ፣ መንገዱ አልተስማማሽም እንዴ አልኳት፣ አፌን እስከ ጆሮዬ ከፍቼ። ሳቀች። ዋናው መንገድ አንድ ቀንም ተዘግቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ አለችኝ። የቀረሁት ግን በሱ አይደለም፣ አሠራራችን ነው፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዚያ በወር፣ በመጨረሻ ጭራሽ አለመምጣት፤ እኔ ሳልኖር ካልቆመ ምኑን አገዝኩ አለች። እኔ ድል አድርጌ ያባረርኳት ልጅ፣ ለካ ራሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሄጃዋን አስባ ነው የመጣችው! ለሻዩ ያወጣሁት ብር ቆጨኝ።

እትዬ እንዴት ናቸው፣ ጨዋታው እንዴት ነው አለችኝ ቀጥላ። ይቺ የመጀመሪያዋ ባዶ ወር ናት ከባዷ፣ ድሮም የተዉት እዚህ ላይ ነው፣ የሆነ ነገር ካየህ ንገረኝ፣ እመጣለሁ አለች።

አሁን ፍረደኝ። እውነቱን ብነግራት ትመጣለች። ከመጣች ደግሞ የኋላ መቀመጫው ላይ ልጄ ልጄ ይጀመራል፣ ካርቶን ይቆረጣል፣ እኔ እንደገና ሾፌር ሆኜ እቀራለሁ። ካልነገርኳት እማዬ የኔ ናት፣ ድምፅ የሌላት እማዬ። ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ደህና ናት፣ ጨዋታውም እየሄደ ነው አልኩ። በጥሩ መንገድ ወስጄ አወረድኳት። አንድም ጉድጓድ አልነካሁም። ሰው ሲዋሽ መንገዱ እንዴት ይለሰልሳል!

በማግሥቱ እማዬ መነጽሯን ረስታ ሄደች፣ ላደርስላት ሄድኩ። ክፍሉን ከሩቅ ሰማሁት፤ የዶሮ ቤት ውስጥ ድመት የገባ ነው የሚመስለው። በወዲያኛው በኩል ነጎድጓድ ይጮሃል፣ በወዲህኛው እማዬ በተዘጋ ጉሮሮ ለመጮህ ትሞክራለች። አንዱ ልጅ ወንበር ላይ ቆሟል። ሁለት ሴት ልጆች ላጲስ ይጓተታሉ። የሕጉ ወረቀት መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከሁሉም ኋላ ያቺ ሚጢጢ ወንበር፣ ባዶዋን።

መነጽሩን ሰጠኋትና መውጣት ሲገባኝ ሄጄ ተቀመጥኩባት። ሰይጣኔ ነው። ጉልበቴን ገጠምኩ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣ ግንባሬን ቋጠርኩ፣ አንገቴን እንደ ወይዘሪት ወንበር ወደ ጎን ዘንበል አደረግሁ። ልጆቹ አወቋት፣ በሳቅ ፈነዱ። እማዬን ላስቃት ነበር። አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ አለች፣ ጉልበቷ እንዴት እንደሚያማት ታውቃለህ፣ ወረቀቱን ከመሬት አንስታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችውና በዚያ በደከመ ድምጿ ጨዋታው ተጀመረ አለች። ጎልቶ አልወጣም። እሱ ጠቀመ፤ ልጆቹ ምን አለች ብለው ጸጥ አሉ።

እኔ ልነሳ ስል ወደ ባጃጅ ቡድን ሂድ አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። አንተ ሰይጣን አላለችኝም፤ በስሜ ጠራችኝ። ሄድኩ። ወረቀት ተሰጠኝ፣ የመደመር። ከጎኔ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ተቀምጣለች፤ የሷን ላይ ስል በክንዷ ሸፈነችው። በሹክሹክታ ስንት አገኘሽ አልኳት። የእማዬ ድምፅ ከሰሌዳው ዘንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ባጃጅ ቡድን፣ ዝም ብለን እንሠራለን ብለን ነበር አለና አንዲት ጭረት ተሰመረችብን። ቡድኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ፣ ዝም በላ፣ አስቆጠርክብን እኮ አለችኝ ጥርስ የሌላት። ስለተናገረች ሌላ ጭረት ተጨመረ። ወንድምዬ፣ ትራፊክ ፖሊስ አቁሞኝ ያውቃል፣ ባለ ጋራዥ ሰድቦኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አንገቴን ደፋሁ። ደመርኩ። እግሬ ልዝለል አለኝ፣ ያዝኩት። ምላሴ ልናገር አለኝ፣ ነከስኩት። አንድ ጊዜ ቀና ስል ከፊቴ ያለው ልጅ እሱም ከንፈሩን ነክሶ እየታገለ ነበር። ተያየን። እኔና እሱ ያን ሰዓት ዓለምን ተሸክመናል።

እማዬ እየዞረች መጣች። ከኋላዬ ቆመች፣ እጇን የወንበሬ መደገፊያ ላይ አሳረፈች። ባጃጅ ቡድን ሁሉም ሥራው ላይ ነው፣ አየኋችሁ አለች። አለፈች።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ጢም ያወጣሁ ሰው ጆሮዬ ጋለ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዋኙብኝ። እና እዚያ ላይ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ባንተ ቀናሁ። በልጆቹ ሳይሆን፣ በወይዘሪት ወንበርም ሳይሆን፣ ባንተ። እማዬ ብትተወውም ለጥቂት ሳምንት እንኳ እዚያ መስኮት ሥር ሆነህ ይህንን ሰምተሃል። ጀምራ የተወችው ካንተ ጋር ነው። እኔ ክፍሏ ስደርስ ጭራሽ አልጀመረችውም። ልትጀምረውም ፈርታ ይሆናል።

ሰዓቱ ሲደውል አራት ጭረት ነበረብን፣ ለጥቂት አለፍን፣ ባጃጅ አሸነፈ! ሽልማታችንን ምረጡ ስትለን አንድ ላይ የሞተር ድምፅ አልን። ለአንድ ደቂቃ ክፍሉን ጋራዥ አደረግነው። ነጎድጓድ ግድግዳውን ደበደበ። እማዬ ሳቀች፣ ድምፅ በሌለው ሳቅ፣ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፍ ነበር።

ከክፍሉ ወጥቼ ለወይዘሪት ወንበር ደወልኩላት። ዋሽቼሻለሁ፣ ትታው ነበር፣ ዛሬ መልሳ ጀመረችው፣ ነይ አልኳት። መጣችም። ግን የእማዬ ክፍል ውስጥ አልተቀመጠችም። ከእማዬና ከነጎድጓድ ጋር ሻይ ጠጥተው ተስማሙ፤ እሱም በክፍሉ ሊሞክረው፣ ሁለቱ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዱ የሌላው ክፍል ኋላ ሊቀመጥ። ነጎድጓድ ያቺ ወንበር ላይ መጀመሪያ የተቀመጠ ቀን ወንበሯ ጮኸች፣ እሱ ግን አልጮኸም። አሁን በግድግዳው በኩል ምንም አይሰማም። እማዬ ወንድሜ ነው የምትለው። ወንድሜ እንዴት አየኸኝ፣ እርስዎስ ምን አዩ እትዬ! ሰምተሃል? እኔ ከአንዷ ስገላገል ሌላ፣ ያውም ባጃጄን በአንድ በኩል የሚያጋድል፣ ተሳፈረብኝ። ቅናቴ በኪሎ ጨመረ።

ካርታውን ግን አንዳንድ ማታ እንጫወታለን። ድምጿ ተመልሷል።

አሁን ዋናው ጉዳዬ። ለእሑድ ጉብኝት እንደተፈቀደልህ ነርሷ ደውላ ነግራናለች። እማዬ ትመጣለች። ከሰሞኑ ትዘጋጃለች፤ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ታወልቃለች፣ መስታወት ፊት ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ስገባ ዝም ትላለች። የምትነግርህ ነገር አላት። ለኔ አልነገረችኝም፣ እኔም አልሰማሁም፣ አንተም ከኔ ምንም አልሰማህም። ስትጀምር አውቃለሁ እማዬ አትበላት። ምንም አይደለም ብለህም አታቋርጣት፤ ያ ያንተ አመል ነው፣ ሰው ሲከብደው ቶሎ ብለህ ታቀልለታለህ፣ ለራስህ ግን አታውቅበትም። ዝም ብለህ አስጨርሳት። እጅህ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አትደብቀው፣ ትያዝልህ።

እኔ አልገባም። እማዬ ይግባ ብትልህም እምቢ በል። ባጃጄን ከበሩ ውጭ ጥላው ሥር አቆማለሁ። የምትነግርህን ላንተ ብቻ ትንገርህ። ቅናት አንጀቴን ሲበላው እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ።

እንቅልፍህን ይስጥህ፣ ጉልበትህን ይመልስልህ፣ የሚዘረጋብህን እጅ ሁሉ ያርቅልህ፣ እኛንም ካንተ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈን። ለነርሷም ትዕግሥቱን ይጨምርላት፣ አንብባ እዚህ ከደረሰች።

ሲቀናብህ የኖረውና የሚቀናብህ
ታናሽህ